ከዝርዝሩ የወጡት

ዝርዝሩን የጻፈችው ወለተሥላሴ ናት። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም በጆሮዋ ሹክ አላላትም። ቁጭ ብላ አሰበችበትና፣ ይሻላል ያለችውን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ አሰፈረችው፤ ከዚያ ጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር ለጠፈችው። በኋላ ሰው ሁሉ ጥፋቱን የሚያላክክበት ሲፈልግ እሷ የምታላክክበት አልነበራትም።

ጊዜው ሐምሌ 2013 ነው። ጤና ጣቢያው ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ሃያ ሁለት ሠራተኛ ያለው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ግቢው ጭቃ የሚሆን ቦታ ነው። ወለተሥላሴ የነርሶች አስተባባሪ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታበታለች፤ በአካባቢው ካሉት ወጣቶች ግማሹን ከእናታቸው ሆድ የተቀበለችው እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኮሮና ክትባት ሁለተኛው ዙር ከተሰጠ ሳምንት አልሞላውም። ከሃያ ሁለቱ አሥራ ሦስቱ ሁለቱንም ዙር ወስደዋል። ዘጠኙ እምቢ ብለዋል፤ አንዷ ስልኳ ላይ ባየችው ቪዲዮ፣ አንዱ ጸሎት ቤት በሰማው ወሬ፣ ነርሱ ብሩክ ደግሞ ምክንያት እንኳ ሳይሰጥ፣ «ትንሽ ልየው» እያለ።

በዚያው ሳምንት ኤን-95 የሚሉት ወፍራሙ ማስክ መጣ። መጣ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ለሃያ ሁለት ሰው ይበቃል ተብሎ የተላከው ካርቶን ለአሥር ሰውም የሚያዛልቅ አልነበረም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ኢሳይያስ ካርቶኑን አየና «ሲስተር፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» ብሎ ለወለተሥላሴ ተወላት። ከባድ ነገር ሲመጣ ሁልጊዜ የሚታወሰው የእሷ ዕውቀት ነው።

እሷም እንዲህ አሰበች። የተከተበ ሰው መከላከያ አለው፤ ያልተከተበ የለውም። ስለዚህ ወፍራሙ ማስክ ለዘጠኙ ይሰጥ፤ አሥራ ሦስቱ ስሱን ሰማያዊ ማስክ እያደረጉ ይቆዩ። የሃያ ሁለቱን ስም በተርታ ጻፈችና በአሥራ ሦስቱ ላይ በማስመሪያ መስመር አሰመረችባቸው። መጀመሪያ ያሰመረችው በገዛ ስሟ ላይ ነው። ግርጌው ላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨመረች፤ የኮሮና መመርመሪያውም ጥቂት ስለሆነ ለተከተበ ሠራተኛ አይወጣም የሚል። በስብሰባ ላይ ስታነብበው ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ኢሳይያስማ «እንዲህ ነው ፍትሕ» አለ። ሲያዩት በእርግጥም ፍትሕ ይመስል ነበር። አምኖ ክንዱን የሰጠ ሰው ከማስክ መሰረዙን፣ የፈራው ደግሞ ለፍርሃቱ መሸለሙን ከሃያ ሁለቱ የጤና ባለሙያዎች አንድም ሰው አላስተዋለም።

አንድ ሰው ግን ቀልዶበታል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ሙሴ ከስብሰባው ሲወጣ፣ «ወለቴ፣ ተከተብ ብለሽ እግሬ ሥር ወድቀሽ ለምነሽ ስታበቂ ማስኬን ትቀሚኝ?» አላት። እሷም ሳቀች፣ እሱም ሳቀ።

በእርግጥ ለምናው ነበር። ሙሴ የሸኮ ልጅ ነው፤ አርባ አንድ ዓመቱ፣ ስኳር ያለበት፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ጣት ሲወጋ ውሎ የራሱን ክንድ ለመርፌ መስጠት የሚፈራ። ወለተሥላሴ ሦስት እሑድ ሙሉ ቤቱ እየሄደች፣ ሚስቱ ዓለምሸት ባለችበት፣ ለመነችው። ዓለምሸት በሦስተኛው እሑድ፣ «እትዬ ወለቴ፣ ስኳሩስ? አይጎዳውም?» ብላ ጠየቀቻት። «ለስኳር ሕመምተኛማ ይብሱን ያስፈልገዋል፤ በእኔ ጣይው» አለቻት። ዓለምሸት ባሏን ዞር ብላ አየችውና «በቃ ተከተብ» አለችው። ተከተበ። ወለተሥላሴ ያን ቀን የተናገረችው ቃል አልተሳሳተም፤ ዛሬም ልክ ነው። የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

የሙሴ ላቦራቶሪ አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት አለው፣ እሱም ዝናቡ ስለሚያስገባ ክረምቱን ሙሉ ይዘጋል። ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጣቱን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ሙሴ አስጠግቶ፣ እየሳለ ደሙን ይሰጣል። በዚያ አገር ትኩሳት ማለት ወባ ማለት ነው፤ ሌላ ስም የሚሰጠው የለም፤ ሐኪሙም፣ ገበሬውም፣ ነጋዴውም እንደዚያው ነው የሚያስበው። ጳጉሜ ላይ ሙሴን ራሱን ትኩሳት ያዘው። ጣቱን ወጋ፣ ደሙን መስታወት ላይ አደረቀ፣ ማይክሮስኮፑን ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ ከክፍሉ ወጥቶ ወለተሥላሴን ሲያገኛት ፊቱ በራ ብሎ ነበር።

«አገኘኋት፤ ወባዬ ናት» አላት። «ሌላ ነገር መስሎኝ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር።»

«እስቲ እንመርምርህ፤ ለማንኛውም» አለችው።

«ለተከተበ አይወጣም ብለሽ የለ?»

መመርመሪያው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ የወለተሥላሴ ኪስ ውስጥ ነው። ሕጉን ያወጣች ሴት በሁለተኛ ወሯ ሕጉን ልታፈርስ አፈረች። ደግሞስ ወባዋ በዓይን ታይታለች። ሙሴ ኪኒኑን ዋጠና ተመልሶ ወደ ሥራው ገባ፤ አራት ቀን ሠራ። ወባው የእውነት ነበር፤ ኮሮናውም የእውነት ነበር። ሰው አንድ በሽታ ሲያገኝ ሌላውን መፈለግ ይተዋል።

በአምስተኛው ቀን ከወንበሩ ሲነሣ ትንፋሽ አጠረው። ወለተሥላሴ ያን ጊዜ ቁልፉን አወጣች። አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ መመርመሪያው ላይ «ተይዟል» የሚሉት ሁለቱ መስመሮች ቁልጭ ብለው ወጡ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላኩት፤ ኦክስጅን ተደረገለት፣ ሐኪሞቹም የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። መስከረም 9 ቀን ሙሴ ሞተ።

ወለተሥላሴ ቀብሩ ላይ አልነበረችም። እሷም ተይዛ ነበር። ከአሥራ ሦስቱ የተከተቡ ሰባቱ ተይዘዋል። ስድስቱ እያሳላቸው፣ ወገባቸውን እየቆረጣጠማቸው፣ በሳምንት በአሥር ቀን ተነሡ፤ አንዱ አልተነሣም። ቤቷ ተኝታ የለቅሶውን ድምፅ በስልክ ሰማች። አንድ ጊዜ ዓለምሸትን ለማነጋገር ሞከረችና ስልኩን ያነሣው ሌላ ሰው ሆነ። ትራሷን ነክሳ አለቀሰች፤ ሳሉ እንኳ እንደልቧ አላስለቀሳትም።

ከዘጠኙ ባለ ወፍራም ማስኮች ግን አንድም አልታመመም።

ይህን ለማስላት ትምህርት አያስፈልግም። መንደሩ በሁለት ቀን ውስጥ አሰላው። የተከተቡት ታመሙ፣ ሞቱ፤ ያልተከተቡት በጤናቸው አሉ። ገበያ ላይ፣ ባጃጅ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅ የሚወራው ይኸው ነው። «ሙሴን መርፌው ገደለው» ተባለ። ሙሴ የጤና ሰው ስለነበር ወሬው ክብደት አገኘ፤ ውስጡን የሚያውቀው ራሱ ከሞተ እኛማ ምን እንሆናለን አሉ ሰዎቹ። ማንም ስለ ማስኩ አላነሣም፤ ማስኩን የሚያውቁት የውስጥ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ወለተሥላሴ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ቀን ኢሳይያስ ቢሮው ጠራት። ዝርዝሩን ከሰሌዳው ነቅሎታል፤ አራት ቦታ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ሲስተር፣ ይህ ወረቀት አልነበረም» አላት።

«ነበር እንጂ።»

«ሰው ሲጠይቀን የምንለው ሁለት ነገር ነው። ክትባት መቶ በመቶ አይከላከልም፤ ሙሴ ደግሞ ስኳር ነበረበት። ሁለቱም እውነት ነው፤ ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ማንን ያስነሣል?»

ወረቀቱን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀድጄ እጥለዋለሁ ብላ ነበር፤ አልቀደደችውም። ሁለት ወር ያህል አፏን ዘግታ ኖረች። ሌላው ቀርቶ ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተናዘዘችውም። በወሩ መጨረሻ ሦስት ካርቶን ወፍራም ማስክ በመኪና ተጭኖ መጣ። ሰው ከሞተ በኋላ ለሃያ አንዱም የሚተርፍ ማስክ ተገኘ።

ዓለምሸትን ግን መሸሽ አልቻለችም። ዓለምሸት ከመንገዱ ማዶ ያለው ቡና ማድረቂያ ውስጥ የለቃሚዎቹ አለቃ ናት። ቀዩ ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሠላሳ አራት ሴቶች በአልጋው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጥቁሩንና እሸቱን እየለቀሙ ያወጣሉ። ሲለቅሙ ያወራሉ፤ ሲያወሩ ትንፋሻቸው አንድ ነው። ዓለምሸት አስም አለባት። የቡናው ገለባ ሲነሣ በየዓመቱ ወለተሥላሴ ጋ መጥታ መተንፈሻ የምትወስደው እሷው ናት። ዘንድሮ አልመጣችም። ሙሴን የወሰደው በሽታ ያችን ደረት ቢያገኛት ምን እንደሚያደርጋት ወለተሥላሴ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ አባት የላቸውም አሁን።

ኅዳር ላይ የክትባት ዘመቻ ታወጀ። ወደ ማድረቂያው መጀመሪያ የተላከው ብሩክ ነው። በጠዋት ሄዶ ከምሳ በፊት ተመለሰ፤ የክትባቱ ሳጥን እንደተዘጋ ነው።

«ምን አሉህ?» አለችው ወለተሥላሴ።

«ምንም። ዓለምሸት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። አንተ ተከትበሃል ወይ አለችኝ።»

«እሺ፣ ምን አልካት?»

ብሩክ አንገቱን ደፋ። «ምን ልበላት? ስሜን ታውቀዋለች፤ መከተብ አለመከተቤንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አልተከተብኩም አልኳት። ሴቶቹ ሳቁብኝ።»

ለመቆጣት አፏን ከፈተችና ተወችው። ያልተከተበ ሰው ክትባት ይዞ እንዲሄድ የፈረመችውም እሷው ናት። በማግሥቱ ሳጥኑን ራሷ አነሣች፤ ከሦስቱ ካርቶኖች አንዱንም አስጫነች። ኢሳይያስ በር ላይ አገኛት። ፊቷን አይቶ የምታስበውን ሳያውቅ አልቀረም፣ «ሲስተር፣ ሥራሽ መከተብ ነው፤ ንስሐ መግባት አይደለም» አላት።

«ካልተናገርኩ ዓለምሸት አትከተብም» አለች። «እሷ ካልተከተበች ሠላሳ አራቱም አይከተቡም።»

«ብትናገሪስ?»

«ብናገርማ ጥፋቱ የመርፌው አለመሆኑን ታውቃለች።»

መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስታስብ ሄደች። እኔን ትጥላኝ፣ መርፌውን ትመን፤ ከዚህ የተሻለ ንግድ የለም ብላ ለራሷ ነገረችው። ሥራዋን ብታጣ ታጣው። ዓለምሸት ፊቷ ላይ ብትተፋባት ትጠርገዋለች። እስከዚያ ድረስ ቆርጣለች።

ስትደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ሴቶቹ ለምሳ ሥራ አቁመው በአልጋዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። ዓለምሸት ጥቁር ለብሳ ቆማለች፤ ከስታለች። ድሮ ስታያት «እትዬ ወለቴ፣ መጣሽ?» ብላ የምትሮጥ ሴት እንደቆመች ቀረች።

«ደህና ዋሉ ሲስተር» አለቻት። «ለክትባቱ ከሆነ የመጡት ሴቶቹን ይጠይቋቸው። እኔ ማንንም አልከለከልኩም።»

ይህ «እርስዎ» ወለተሥላሴን ከስድብ በላይ አመማት።

«የሚያዩት አንቺን ነው፣ ዓለምሸት። የምነግርሽ ነገር አለ። ለብቻሽ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን እነሱም ይስሙት።»

ቆማ ነገረቻት። ያሳመረችው ነገር የለም። ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ስብሰባው፣ በማስመሪያ ስለተሰመሩት አሥራ ሦስት ስሞች፣ ስለ ግርጌዋ መስመር፣ ኪሷ ውስጥ ስለነበረው ቁልፍ፣ ሙሴ ወባዬ ናት ብሎ ስለተደሰተበት ቀን ሁሉ ነገረቻት። «ሰባታችን ተያዝን፤ ስድስታችን የዳንነው ስለተከተብን ነው። መርፌው የሚችለውን አድርጓል። ሙሴ ያን ሁሉ በሽተኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲመረምር ስስ ጨርቅ አስደርጌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በጊዜ ያላስመረመርኩትም እኔ ነኝ። የገደለው የእኔ ወረቀት ነው» አለች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት።

ዓለምሸት ወረቀቱን ዘረጋችው። በጣቷ ስሞቹን ተከትላ ወረደችና አራተኛው ላይ፣ ሙሴ የሚለው ላይ ቆመች። እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችውና ወረቀቱን መልሳ በታጠፈበት አጠፈችው። ወለተሥላሴ ስድቡን ጠበቀች። አልመጣም።

«እውነቱን ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ዓለምሸት። «አንድ ነገር ግን ይግባኝ፤ እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ያን ጊዜ ሙሴ እንደ ፈራ ቢቀር ኖሮ፣ እኔም ተከተብ ባልለው ኖሮ፣ ወፍራሙ ማስክ ይሰጠው ነበር?»

«ይሰጠው ነበር።»

«ትኩሳት ሲይዘውስ መመርመሪያው ይወጣለት ነበር?»

ወለተሥላሴ መልሱን ታውቀዋለች። መዋሸት አማራት፤ ለመዋሸት ግን አልነበረም የመጣችው።

«ይወጣለት ነበር» አለች።

«ብሩክ እምቢ አለ፤ ተሰጠው። ሙሴ እሺ አለ፤ ተሰረዘ።»

«እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ዳግመኛ አይኖርም፣ ዓለምሸት። እኔ እምልልሻለሁ። አሁን ማስክ ለሁሉም ይበቃል። አስምሽን አስቢ፣ ልጆቹን አስቢ። እባክሽ።»

«ያን ጊዜም በእኔ ጣይው ብለውኝ ነበር፤ ጣልኩት» አለች ዓለምሸት። በቁጣ አልተናገረችውም፤ ድምፅዋ እንደደከመው ሰው ነበር። «መርፌው መጥፎ ነው አላልኩም፤ እርስዎ አልገደለም ካሉ አልገደለም። ግን እናንተ ዘንድ ያመነ ሰው ይረሳል። እሺ ያለውን ትሰርዙታላችሁ፣ እምቢ ያለውን ትጠብቁታላችሁ። እኔ ዛሬ እሺ ብል ነገ ከምን ላይ እንደምትሰርዙኝ አላውቅም። እናንተም አታውቁትም፤ ያን ጊዜም አላወቃችሁትም።»

ወለተሥላሴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ስታሳምን ኖራለች፤ ለፈራ እናት፣ ለተቆጣ አባት፣ ለግትር ሽማግሌ የሚሆን ቃል አታጣም። ለዚህች ሴት የሚሆን ግን አንድም አላገኘችም፤ ሴትዮዋ ልክ ነበረች። ሊያድናት የመጣውን እውነት ዓለምሸት ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ የሚለውን አንብባ መለሰችላት።

ከሴቶቹ መካከል በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት፣ «ካርቶኑ ውስጥስ ምንድን ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

«ማስክ ነው፣ እማማ» አለች ወለተሥላሴ። «ወፍራሙ።»

ዓለምሸት ዞር ብላ ካርቶኑን አየችው። «እሱን እንወስዳለን» አለች። «ላልተከተበ አይደል የሚሰጠው?»

ሴቶቹ ተነሡና ተሰለፉ። ወለተሥላሴ እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ምን ብላ እምቢ ትላለች? ካርቶኑን ከፈተች። ለሠላሳ አራት ላልተከተቡ ሴቶች ሠላሳ አራት ማስክ በገዛ እጇ አደለች፤ ማሰሪያው ከጆሮ በላይና በታች እንዴት እንደሚውል፣ ሽቦው አፍንጫ ላይ እንዴት እንደሚጫን ለእያንዳንዷ እያሳየች። የክትባቱ ሳጥን አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የሚያየው እንኳ የለም።

መጨረሻ ላይ ዓለምሸት መጣች። ማስኩን ተቀብላ አጠለቀችው፣ ሽቦውን በሁለት ጣቷ ተጫነችው። ዓይኗ ብቻ ቀረ።

«እንዲህ ነው?» አለች።

«እንዲህ ነው» አለች ወለተሥላሴ። «በደንብ ይዟል።»